ፒኤምኦ (የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኦፊስ) ለድርጅቱ ምን ይጨምራል? ሪፖርት ከመልቀም ሌላ ማለቴ ነው

ጠያቂ፦ ቅጽ ሰብሳቢዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ ነው የምሠራው፣ ስሙ ይቆየን። ስምንት ዓመት አይቲ ክፍል ከሠራሁ በኋላ ባለፈው መስከረም "የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኦፊስ ይቋቋም" ተባለና ኃላፊ አድርገው መደቡኝ። ሦስት ልጆች አብረውኝ አሉ። ቢሮ ተሰጠን፣ በሩ ላይ ጽሑፍ ተለጠፈ፣ አንድ አማካሪ ያዘጋጀው 140 ገጽ ማንዋል ተረከብን። ሥራ ከጀመርን አምስት ወር አልፎናል። ሥራችን ምንድነው ብትሉኝ ግን እኔ ራሴ በቅጡ ልነግራችሁ አልችልም።

የምናደርገው ይሄን ነው። ሰኞ ለየዲፓርትመንቱ ቅጽ እንልካለን። ማክሰኞና ረቡዕ እንለምናለን። ሐሙስ ከሰዓት "እሺ ዛሬ እልካለሁ" ያለው ሁሉ ስልክ አያነሳም። አርብ የደረሰንን ሰብስበን የየፕሮጀክቱን ሁኔታ በአንድ ገጽ የሚያሳይ ዳሽቦርድ እንሠራለን፤ ቀይ ችግር አለ፣ ቢጫ ያሰጋል፣ አረንጓዴ ሁሉ ሰላም ማለት ነው። ቀለሙ ሦስት ይሁን እንጂ እስካሁን ያየሁት አረንጓዴ ብቻ ነው። አንድ ፕሮጀክት አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ከርሞ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት "ቬንደሩ (ሥራውን በውል የያዘው ድርጅት) ሰዎቹን ይዞ ወጥቷል" ተባልን። ለካ ከወጣ ወር ሆኖታል።

ሰዉ "ፌደራሎቹ" ነው የሚለን። ካፌ ስንገባ ወሬ ይቋረጣል።

ባለፈው ሳምንት የባንኩ ፕሬዚዳንት ቢሯቸው ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። "የውጭ ባንክ እንዲገባ ሕጉ ወጥቷል፣ የ5 ቢሊዮን ብር ካፒታሉ ቀነ ገደብ ደርሷል፣ ቦርዱ ደግሞ በዚህ ሰዓት ለምን አዲስ ቢሮ ከፈታችሁ እያለ ነው። በሰኔ ይሄ ቢሮ ለስትራቴጂያችን ምን እንደጨመረ ታቀርቢያለሽ" አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ምን ብዬ ነው የማቀርበው? 22 ዳሽቦርድ ሠራን ልበል? ይሄን ሥራ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከደረሰባችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ነባሩ

ልጄ፣ በመጀመሪያ አይዞሽ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የሠራሁት። ቢፒአር ሲመጣ ነበርኩ፣ ቢኤስሲ ሲመጣ ነበርኩ፣ ካይዘን ሲመጣም ነበርኩ፤ ሁሉም የአሠራር ማሻሻያ ተብለው የመጡ ናቸው። ሦስቱም ሲመጡ አዳራሽ ሞልተን ሠልጥነናል፣ አበል ተቀብለናል፣ ግድግዳ ላይ ቻርት ለጥፈናል። ሐሳቡ ክፉ ነበር አልልም፣ ካይዘኑ እንዲያውም አንዳንድ ቦታ ሠርቷል። ግን ቻርቱን አይቶ "ይሄ ለምን ሆነ?" የሚል አለቃ አልነበረም። አለቃ ካልጠየቀ ሰው ለይስሙላ ነው የሚሞላው፣ ያንቺም አረንጓዴ እሱ ነው።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ያንቺ ቢሮ አጥር ነው። ባለቤቱ ማን ነው? ፕሬዚዳንቱ ስብሰባ ላይ ያንቺን ወረቀት ይዘው አንዱን ምክትል ፕሬዚዳንት "ይሄ ለምን ዘገየ?" ብለው ያውቃሉ ወይ? ካላወቁ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰኔን አትጠብቂ፣ ወደ አይቲ የሚመልስሽን ማመልከቻ ጻፊ።

ተጠሪነትሽስ ለማን ነው? እሱን አልነገርሽንም። ለአይቲ ኃላፊው ከሆነ የአይቲ ጸሐፊ ነው ያደረጉሽ።

መልስ፦ ቅጽ ሰብሳቢዋ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ተጠሪነቴ ለስትራቴጂ ዳይሬክተሩ ነው። ፕሬዚዳንቱ ወረቀታችንን ይዘው ሲጠይቁ አይቼ አላውቅም። እውነት ለመናገር ማንበባቸውንም እጠራጠራለሁ።

መልስ፦ ቆጠራ ይቅደም

እኔ ይሄን ሥራ ሁለት ቦታ ሠርቻለሁ። አንዱ ቦታ ዘግተውናል፣ ሁለተኛው ቦታ ተሳክቶልናል።

የተዘጋው ልክ እንዳንቺ ነበር። ቅጽ፣ ዳሽቦርድ፣ ቴምፕሌት። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት 14 ሰነድ እናስሞላ ነበር፤ ቻርተር፣ የስጋት መዝገብ፣ የባለድርሻ ትንተና፣ የማላውቀው ሁሉ። አንድ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ "ግድግዳ ለማስቀባት ነው እኮ፣ የግድግዳው ባለድርሻ ማን ነው?" አለኝ። ሲዘጉን የከፋው ሰው አልነበረም። እኔም አልከፋኝ።

ሁለተኛው ቦታ አንድም ቅጽ አልላክንም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆጠራ ብቻ ሠራን። ድርጅቱ ውስጥ ፕሮጀክት የተባለ፣ በጀት የተያዘለት፣ ኮሚቴ የተዋቀረለት፣ ደብዳቤ የተጻፈለት ነገር ሁሉ ተለቀመ። ማኔጅመንቱን ስንጠይቅ "አሥራ አምስት ገደማ" ነበር ያሉን። 41 አገኘን። ግማሹን ያገኘነው ከፋይናንስ የክፍያ መዝገብ ነው፤ ሰው ፕሮጀክቱን ቢረሳውም ክፍያው አይረሳም። ከዚያ በእያንዳንዱ ሥር ሥራውን በእጁ የሚሠራውን ሰው ስም ጻፍን። የኮሚቴ ሰብሳቢውን አይደለም፣ ሠሪውን። አንድ ስም 19 ቦታ ወጣ። ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ አንድ ልጅ ነው። 19 ፕሮጀክት እሱን ይጠብቃል፣ እሱ ደግሞ ሊያገባ ስለሆነ የአንድ ወር ፈቃድ ጠይቋል።

በትልቅ ወረቀት አትመን ስብሰባ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው፣ የልጁን ስም በየቦታው በቀይ ከበን። ማኔጅመንቱ ገብቶ ሲያየው ለትንሽ ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ ዋና ሥራ አስኪያጁ "የዚህ ልጅ ደሞዝ ስንት ነው?" አሉ። ሁሉም ሳቀ፣ ግን ነገሩ ገብቷቸዋል። ለዓመታት ሰዉን ሰነፍ ሲሉት ኖረው ችግሩ 41 ነገር በአንድ ጠባብ በር ልውጣ ብሎ መገፋፋቱ ነበር። በዚያው ስብሰባ 12ቱ ቆሙ፣ 9ኙ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ተላለፉ፣ የቀሩት 20ዎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ልጁም አገባ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለየፕሮጀክቱ ባለቤት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የምናቀርበው፦ "ይሄ ነገር ሲያልቅ ከስትራቴጂክ ፕላኑ የትኛው ቁጥር ይንቀሳቀሳል?" የተቀማጭ ዕድገት ነው? የደንበኛ ብዛት? የተበላሸ ብድር መጠን? "ዲጂታል ትራንስፎርሜሽንን ይደግፋል" የሚል መልስ አንቀበልም ነበር፣ እንደዚያማ የመብራት ክፍያም ይደግፋል። ከ41ዱ ውስጥ ቁጥር መጥቀስ የቻሉት ከግማሽ ያነሱ ናቸው።

ስትራቴጂ ሰነድ ላይ ሁሉም ነገር ቀዳሚ ነው፣ ማንም ምረጡ ተብሎ አይገደድም። እኔ የፒኤምኦ ጥቅም ገባኝ የምለው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ምርጫው የእኛ አይደለም፣ የአለቆቹ ነው። ግን ሳይመርጡ መኖር እንደማይችሉ በአንድ ወረቀት አሳየናቸው። አንቺም ለቦርዱ ይሄን ያህል ፕሮጀክት አለን፣ ይሄን ያህሉ ለምን እንደሚሠራ ባለቤቱም አያውቅም፣ እነዚህን ብናቆም ይሄን ያህል ሰው ይለቀቅልናል ብለሽ ብታቀርቢ ከ22 ዳሽቦርድ ይሻላል።

መልስ፦ ወንበር አጠገብ

ወረቀት ላይ ያምራል። 12ቱ ቆሙ ስትል የማን የማን ነበሩ? እኛ ጋ የሚቆመው ሁሌ ጌታ የሌለው ፕሮጀክት ነው። የምክትል ፕሬዚዳንት ፕሮጀክት አይቆምም፣ ስሙ ተቀይሮ "ፌዝ ሁለት" ይባላል፣ እውነትም ፌዝ ነው። እህቴ፣ ግድግዳ ላይ ምንም ከመለጠፍሽ በፊት ለእያንዳንዱ አለቃ ለብቻው ቢሮው ሄደሽ አሳዪ። በሰው ፊት ያሳፈርሽው አለቃ እስከ ጡረታው አይረሳሽም።

መልስ፦ ቆጠራ ይቅደም

ልክ ነህ፣ እሱን ሳልጽፍ ቀረሁ። ከስብሰባው በፊት ሁለት ሳምንት ቢሮ ለቢሮ ቡና ስጠጣ ነው የከረምኩት፣ ጨጓራዬ ምስክር ነው። ከቆሙት 12 ውስጥ 4ቱን ባለቤቶቹ ራሳቸው "ይሄንን እንኳ አስቁሙልኝ" ያሉኝ ናቸው። ጀምረውት፣ እንደማይሆን አውቀውት፣ ግን እንዴት ብለው ተሸነፍኩ ይበሉ? የሚወጡበት ቀዳዳ ሲያገኙ ደስ ብሏቸው ነው የወጡት። አንድ የትልቅ ሰው ፕሮጀክት ግን አልነካነውም። አዎ፣ ፈርተን ነው።

መልስ፦ ከለንደን

እኔ ለንደን በአንድ የአካባቢ አስተዳደር የፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለዚያ አረንጓዴ ላውራ።

እዚህ አገር መንግሥት ትላልቅ ፕሮጀክቶቹን በቀለም መዝኖ ለሕዝብ የማውጣት ልማድ አለው፣ ዓመታት ሆኖታል። በ2023 (በፈረንጅ ነው) ኤችኤስ2 የሚባለውን የፈጣን ባቡር መስመር የመጀመሪያ ክፍሎች ቀይ ሰጧቸው። ቀይ ማለት አሁን ባለው አያያዝ የሚሳካ አይመስልም ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ማንቸስተር የሚቀጥለውን ክፍል ሰረዙት። ቀዩ አሰረዘው አልላችሁም፣ ወጪው ነው፣ ፖለቲካውም አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ ስንት ቢሊዮን ፓውንድ ፈስሷል፣ ስለዚህ ፈረንጅ አውቆበታል እንዳትሉ። ግን ቢያንስ አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን መንግሥት ፕሮጀክት "ቀይ" ብሎ በአደባባይ መጻፍ ችሏል፣ የጻፈውም ፕሮጀክቱን የሚሠራው አካል አይደለም።

ያንቺን ቀለም የሚሞላው ማን ነው? ባለፕሮጀክቱ። ታዲያ ምን ይሙላ? ቀለሙን ተይውና ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂ። ባለፈው ሳምንት ምን አለቀ? እስቲ አሳየኝ? አሁን ማንን እየጠበቅክ ነው? ሦስተኛዋ ወርቅ ናት። ሰው "ዘግይቻለሁ" ማለት ያፍራል፣ "ግዥ ክፍልን እየጠበቅኩ ነው" ማለት ግን አያፍርም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል። የአንድ ወር መልስ ብትሰበስቢ ባንኩ የቱ ጋ እንደታነቀ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። እኛ ጋ ከሕግ ክፍል የውል ማጣሪያ ላይ ሆኖ ተገኘ፣ ሁለት ሰው ብቻ ነበራቸው። አንድ ሰው ተቀጠረላቸውና ብዙ ነገር ተለቀቀ።

ደግሞ የመጀመሪያው ሰው ደፍሮ ቀይ ሲሞላ ፕሬዚዳንቱ "ምን ላግዝህ?" ይበሉት። ከገሠጹት አበቃ፣ ሁለተኛ ቀይ አታዪም።

መልስ፦ የፋይናንሱ

እኔ ፒኤምኦ አልወድም ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ሰኞ ቀን። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ የለቀቀ ዕለት ማለቴ ነው፣ ማንም አይረሳውም።

ያኔ በሆነ ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ነበርኩ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ሽቅብ ወጣ። ቢሮው ሁሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ "ዛሬ ስንት ገባ?" ይላል። ፒኤምኦአችን ሁለት ሰው ብቻ ነው። በማግስቱ ከሰዓት አንደኛዋ ልጅ አንድ ገጽ ይዛ መጣች። የትኛው ፕሮጀክት በዶላር የሚከፈል ቀሪ ክፍያ አለው፣ ስንት ነው፣ መቼ ነው፣ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ተከፍቶለታል አልተከፈተለትም። ሦስት ዓምድ ሠርታለች፤ ዶላር 57 ቢሆን፣ 80 ቢሆን፣ 110 ቢሆን። አንዱ ላይ 400 ሺህ ዶላር የላይሰንስ ክፍያ ነበረ። በ57 ሲሰላ 22.8 ሚሊዮን ብር፣ በ80 32 ሚሊዮን፣ በ110 44 ሚሊዮን። "110 አበዛሽው" ብለን ሳቅንባት። ነሐሴ ላይ 100 ሲያልፍ ይቅርታ ጠይቀናታል።

በዚያች ገጽ ምክንያት ሁለት ፕሮጀክት ተገፋ፣ አንዱ በአገር ውስጥ ልጆች ይሠራ ተባለ፣ አንዱ ደግሞ ካልቀረ አይቀር ቶሎ ይከፈል ተብሎ በዚያው ሳምንት ተከፈለ። ሌሎች ድርጅቶች ውስጥ ያሉ ጓደኞቼ የዶላር ግዴታቸው ስንት እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ወር ፈጀባቸው። ልጅቷ ጠንቋይ አይደለችም። ዝርዝሩ ቀድሞ እጇ ላይ ስለነበረ ነው። አንቺም ዝርዝርሽ ላይ የዶላር ዓምድ ጨምሪ።

መልስ፦ ከምረቃ በኋላ

ማንም ያልነካው ነገር ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ያለው ነው።

የማውቀው አንድ ቦታ 250 ታብሌት ተገዛ። የቅርንጫፍ ሠራተኞች ገበያ እየወጡ እዚያው ለነጋዴው ሂሳብ እንዲከፍቱ ነው። በጊዜው ተገዛ፣ በበጀቱ ተገዛ፣ ሥልጠና ተሰጠ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ "100% ተጠናቀቀ" ተብሎ ተዘጋ። ከሰባት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ አንድ ቅርንጫፍ ሄጄ ሥራ አስኪያጇ ማኅተም ልታወጣ መሳቢያ ስትከፍት አየሁት። ስድስት ታብሌት ተደርድሯል። የስክሪኑ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። "ምነው?" አልኳት። "ቢጠፋ ከደሞዛችን እንዲቆረጥ አስፈርመውናል፣ ማን ነው ይሄን ይዞ መርካቶ የሚገባው?" አለችኝ። ለመሣሪያዎቹ ኢንሹራንስ ቢገባ የሚፈታ ነገር ነበር። ግን ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፣ ቡድኑ ተበትኗል፣ ለማን ይነገራል?

በከተማ ደረጃም ያው ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 መስከረም ሥራ ሲጀምር 41 ባቡር ነበረው። ግንባታው ሦስት ዓመት ገደማ ነው የፈጀው፣ በግንባታ መለኪያ ብትመዝኑት የሚያስመሰግን ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን በመለዋወጫና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ከግማሽ በላዩ የቆመበት ጊዜ መጣ። ጣቢያ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ግንባታው በሰዓቱ ማለቁ ምን ይረባዋል? እሱ የሚፈልገው ባቡሩ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ ነው።

ስለዚህ ፕሮጀክት ሲዘጋ የስድስት ወር ቀጠሮ ያዢለት። አንድ ቁጥርና አንድ ኃላፊ ይኑረው። ቁጥሩ ቀላል ይሁን፣ በታብሌቱ ስንት ሂሳብ ተከፈተ? ዜሮ ከሆነ ዜሮ ብለሽ ጻፊ፣ ለምን ዜሮ እንደሆነም ቅርንጫፍ ሄደሽ ጠይቂ። ስልክ አይበቃም፣ መሳቢያውን በስልክ አታዪውም።

መልስ፦ ነባሩ

ይሄኛው ልጅ ያለውን ያዢ፣ እኔ እንኳ ማመልከቻ ጻፊ ያልኩሽን ትንሽ ላለዝበው።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩትም፣ በሰኔ አቅርቢ መባልሽን። ሰኔ ሁሉም የተረፈ በጀት ለመጨረስ የሚሯሯጥበት ወር ነው። አንቺ ፕሮጀክት ይቁም ስትዪ እነሱ ክፍያ እያስፈረሙ ነው፣ ማን ይሰማሽና? ግንቦት መጀመሪያ ላይ ይሁንልኝ በይ፣ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሳይጸድቅ። አዲሱ በጀት ዓመት ገብቶ ገንዘቡ አንዴ ከተመደበ ማስጣል ከአንበሳ አፍ ሥጋ መንጠቅ ነው።

መልስ፦ ቅጽ ሰብሳቢዋ

ሰላም፣ ሦስት ሳምንት ጠፋሁባችሁ። ጋሼ፣ ግንቦት እንዲሆንልኝ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፕሬዚዳንቱ "እንዴት አሰብሽው?" ሲሉኝ ከእርስዎ እንደሰማሁ አልነገርኳቸውም።

ቆጠራው አላለቀም፣ እስካሁን 34 ደርሰናል። ዳይሬክተሬ 16 ነበር ያለኝ። እኛ ጋም አንድ ስም 11 ቦታ ወጥቷል፤ የሚያስቀው ደግሞ ያ ሰው እኔ አይቲ እያለሁ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ነው፣ ስንት ጊዜ "ሰለቸኝ" ሲለኝ የማዳምጠው መስሎት ይሆናል። የዶላር ዓምዱን ጨምሬያለሁ። ሁለት ምክትል ፕሬዚዳንቶች ጋ ቡና ጠጥቻለሁ፣ ሦስተኛው ቀጠሮ አልሰጠኝም።

ሳምንታዊውን ዳሽቦርድ ደግሞ ለሙከራ አቆምኩት፣ ለማንም ሳልናገር። ሦስት ሳምንት ሙሉ የት ሄደ ያለኝ ሰው የለም።

አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ። ስንቆጥር ባለቤቱ ከባንኩ ከለቀቀ ዓመት ከአራት ወር የሆነው ፕሮጀክት አገኘን። ቡድኑም ተበትኗል፣ ሥራውም ቆሟል። ግን በየሳምንቱ ቅጹ ይደርሰናል፣ አረንጓዴ ሆኖ። ማን ነው የሚልከው ብዬ ዲፓርትመንቱ ድረስ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ናት። "ቀኑን ብቻ ነው የምቀይረው፣ ካልላክሁ ሐሙስ ሐሙስ እየደወላችሁ ትጨቀጭቁኛላችሁ" አለችኝ።